የሚያስገባ፣ የሚያኖር፣ የሚያስወጣ፦ ከወሎ ወጥቶ ውጭ አገር የሚከርም ሰው የሰነድና የግብር ጉዳይ

ወሎ ውስጥ «አብሽር» ማጽናኛ ቃል ነው። ለታመመ፣ ለከሰረ፣ ልጁ ከዐረብ አገር ሳትደውል ወር ለሞላው ሰው ይባላል። ሳዑዲ ዐረቢያ ሲደርሱ ግን ያው ቃል የመንግሥት የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ስም ሆኖ ይጠብቃል፤ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃዱ) የሚታደሰው፣ የመውጫ ቪዛ የሚቆረጠው በዚያ በኩል ነው። ከደሴና ከኮምቦልቻ፣ ከባቲና ከከሚሴ፣ ከሐይቅ፣ ከመርሳና ከወልድያ ለሥራ የሚወጣው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያመራው ወደዚያው ስለሆነ፣ እዚህም በአመዛኙ የምናየው የዐረብ አገርን አሠራር ነው።

ጉዞ ሲታሰብ ቤተሰብ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ቪዛ ወጣ?» የሥራ ቪዛ የሚያገለግለው ግን ለአንድ ጊዜ መግቢያ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ከታየ በኋላ ሥራውን ጨርሷል። ከዚያ ወዲያ ሰውን የሚያኖረው ኢቃማ ነው፤ የሚያስወጣው ደግሞ የመውጫ ቪዛ። ሦስቱም በየራሳቸው ቀን የሚያልፍባቸው፣ በተለያየ ሰው እጅ ያሉ ሰነዶች ናቸው። ከሄዱ በኋላ የሚደርሰው ችግር ሲመረመር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ባለቤቱ ሳያውቅ ቀኑ አልፎ፣ ወይም አንዱ ከሌላው ጋር ሳይስማማ ቀርቶ የመጣ ነው።

«መሐመድ» በስንት ዓይነት ይጻፋል?

ነገሩ የሚበላሸው ገና ከአገር ሳይወጣ፣ ቀበሌ ላይ ነው። መሐመድ፣ ሰይድ፣ ሁሴን፣ ፋጡማ፣ ዘይነባ በላቲን ፊደል ሲጻፉ አንድ ወጥ መልክ የላቸውም። «መሐመድ» ብቻውን መነሻው ላይ ኦ ወይም ዩ ይገባበታል፤ መካከሉ ላይ ያለው ኤም ነጠላ ወይም ድርብ ይሆናል፤ መጨረሻውም እንደ ጸሐፊው ይለያያል። በአማርኛ አንድ የሆነው ሰው በልደት ሰርተፍኬቱ፣ በፋይዳው፣ በፓስፖርቱና በባንክ ደብተሩ ላይ አራት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ሰው አይቶ «ያው ነው» ይላል፤ ሲስተም ግን እንዲህ አይልም።

መድኃኒቱ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። አንድ አጻጻፍ ተመርጦ በወረቀት ይያዛል፤ መጀመሪያ የልደት ሰርተፍኬቱ፣ ቀጥሎ ፋይዳው፣ ከዚያ ፓስፖርቱ በዚያው ፊደል ይወጣል። በየቢሮው መዝጋቢው መረጃውን ከማስቀመጡ በፊት ስክሪኑን ማንበብ፣ ማንበብ የማይችል ደግሞ የሚያነብለት ይዞ መሄድ አለበት። ደሴ ባለው የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ሰልፍ ላይ ቆሞ ይህን መጠየቅ ያሳፍር ይሆናል፤ ፓስፖርት ከታተመ በኋላ ስም ማስተካከል ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ እስከማምጣት ሊያደርስ ይችላል። ክፍያውም ቀላል አይደለም፤ መደበኛው ፓስፖርት በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 5,000 ብር ከፍ ብሏል። ቀደም ሲል ዕድሜ ጨምሮ ወይም በሌላ ስም ሄዶ የተመለሰ ሰው ደግሞ አዲስ ሰነድ ቢያወጣም፣ አሻራው በድሮው ስሙ ይጠራዋል።

የልደት ቀን ስሕተት ሌላ ጣጣ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ ሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ዛሬ ለሥራ የሚወጣው ሰው ሲወለድ አልተመዘገበም፤ ቀኑ በኋላ በቃል የተነገረ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ቢሮዎች መዘረፋቸው ደግሞ የቆየ መዝገብ ፍለጋውን አክብዶታል። ቀኑ ወደ ፈረንጅ ሲመለስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ይጨመራል። ጥር 1990 ተወልዶ 1997 የተጻፈለት ሰው በብዕር ስሕተት አንድ ዓመት አርጅቷል። በዚህ ላይ ሳዑዲ ውስጥ ሦስተኛ አቆጣጠር ይጨመራል፤ ሰነድ ላይ ያለው የማብቂያ ቀን በሒጅራ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በፈረንጅ ከሚቆጥረው ሰው 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ያልቃል። በረመዳንና በአረፋ የሚቆጥር ወሎዬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ችግሩ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አለመጠየቁ ነው።

ቤተሰብ ይዞ መሄድ ለሚያስብም አንድ ነገር አለ። በእኛ ወግ ሚስት የአባቷን ስም ይዛ ስለምትኖር፣ ፓስፖርት ላይ ባልና ሚስት መሆናቸውን የሚያሳይ ምንም የለም። ኒካሕ መታሰሩ ለጎረቤት ይበቃል፤ ለቪዛ ግን ጋብቻው በወሳኝ ኩነት ተመዝግቦ፣ ሰርተፍኬቱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከዚያም በመዳረሻው አገር ኤምባሲ መረጋገጥ አለበት።

ኢቃማው በማን እጅ ነው?

ሳዑዲ የገባ ሠራተኛ በ90 ቀን ውስጥ ኢቃማ ሊወጣለት ይገባል፤ የሚያወጣው አሠሪው፣ በተለምዶ ከፊል የሚባለው ነው። ወጪውም የእሱ ነው። የሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 40 የማስመጫውን፣ የኢቃማውንና የሥራ ፈቃዱን ክፍያ፣ እድሳቱን፣ እድሳት በመዘግየቱ የሚመጣውን ቅጣት፣ የመውጫና መመለሻ ቪዛውን፣ ሥራው ሲያበቃም የመመለሻ ትኬቱን በአሠሪው ላይ ይጥላል። የቤት ሠራተኞች በተለየ ደንብ ቢተዳደሩም፣ የእኛው አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን እንዲሁም የመድን ወጪውን በአሠሪው ላይ አድርጓል። ስለዚህ «የቪዛ ዋጋ» ብሎ መርሳ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ፣ በሕግ ከአሠሪው የሚጠበቀውን ከሠራተኛው እየወሰደ ነው።

ኢቃማ በጊዜው ካልታደሰ ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ 500፣ ለሁለተኛ ጊዜ 1,000 ሪያል ነው፤ ሦስተኛው ወደ መባረር ይወስዳል። ሠራተኛዋ ግን ካርዱ በእጇ ስላለ ብቻ ታድሶልኛል ብላ ትቀመጣለች። ካርዱ ላይ ያለውን ቀንና ሲስተሙ ውስጥ ያለውን ሁኔታ ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል። በራስ ስም ሲም ካርድ ማውጣት፣ በኢቃማ ቁጥሩም (የውጭ ዜጋ ቁጥር በ2 ይጀምራል) የራስን የአብሽር አካውንት መክፈት ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ኢቃማው መቼ እንደሚያልቅ፣ የመውጫ ቪዛ ተቆርጦ እንደሆነ ከዚያ ይታያል። ሲሙ በማዳም ወይም በጓደኛ ስም ከሆነ የማረጋገጫ መልእክቱ ወደ ሌላ እጅ ይሄዳል፤ አካውንት የሌላቸው ብዙዎቹ እዚህች ላይ ነው የቀሩት።

ትልቁ ፍርሃት ሁሩብ ነው፤ አሠሪው ሠራተኛው ጠፋ ብሎ የሚያስመዘግበው። ሁሩብ የተመዘገበበት ሰው ኢቃማ አያድስም፣ ወደ ሌላ አሠሪ አይዛወርም፣ በመደበኛው መንገድም አይወጣም። ደመወዝ ሳይከፈላት ከቤት የወጣች ሠራተኛ ትክክል ሆና ሳለች ጥፋተኛ የምትሆነው፣ አቤቱታዋ ከአሠሪው ክስ በኋላ ስለሚደርስ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ ያልተከፈለውን ወር መዝግቦ መያዝ፣ ከዚያ የቤት ሠራተኛ ቅጥር በሚካሄድበት በሙሳነድ ወይም በሥራ ቢሮ ማመልከት፣ ለሪያዱ ኤምባሲ ወይም ለጅዳው ቆንስላ ማሳወቅ፣ መውጣት የመጨረሻው። ለድርጅት ሠራተኛ ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ሁኔታው ቀለል ብሏል፤ ከሥራ ቀርቷል ተብሎ ከተመዘገበ ሌላ አሠሪ ለማግኘት ወይም ለቆ ለመውጣት 60 ቀን አለው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያም የድርጅት ሠራተኛ የመውጫ ቪዛውን ራሱ እንዲጠይቅ ፈቅዷል። የቤት ሠራተኛው፣ የግል ሾፌሩ፣ የቤት ዘበኛው፣ አትክልተኛውና እረኛው ግን ከማሻሻያው ውጭ ናቸው። ከወሎ የሚሄደው ሰው ደግሞ በብዛት እነዚህን ሥራዎች ነው የሚሠራው።

ለእረፍት የሚመጣ ሰው የሚያስፈልገው ኽሩጅ ወዐውዳ፣ የመውጫና መመለሻ ቪዛው ነው። ለአንድ ጊዜ ጉዞ እስከ 2 ወር 200 ሪያል፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ወር 100 ሪያል ይከፈላል። እናት ታማ፣ ሰርግ ተራዝሞ ቀኑ ሊያልፍ ሲል መራዘም ያለበት ሳያልፍ ነው፤ አለዚያ ኢቃማውም ሥራውም አብረው ይሄዳሉ። ኤምሬትስ ላይ ከአገር ከ6 ወር በላይ የራቀ ሰው የመኖሪያ ፈቃዱ በመርሕ ደረጃ ይሰረዛል፤ ቪዛው አልፎበት ለተቀመጠ ደግሞ ቅጣቱ በቀን 50 ድርሃም ነው። ሦስት ወር በዝምታ ያለፈ ሰው 4,500 ድርሃም ዕዳ አለበት ማለት ነው። ኩዌት ላይ የመኖሪያ ፈቃዱ ዓይነት በአንቀጽ ቁጥር ይጠራል፤ አንቀጽ 20 የቤት ሠራተኛ፣ አንቀጽ 18 የድርጅት ሠራተኛ ነው። በ20 ገብቶ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ሰው ኢቃማው ያልሞተ ቢሆንም ሕገወጥ ነው።

ፓስፖርቱ ቀድሞ ሲያልቅ

ፓስፖርት ያለቀበት ሰው ኢቃማ ማሳደስ ይቸገራል። ከውጭ የሚቀርብ የእድሳት ማመልከቻ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል አልፎ አዲስ አበባ ታትሞ ስለሚመለስ ወራት ይወስዳል፤ ከማለቁ 8 ወይም 9 ወር ቀድሞ መጀመር ፍርሃት ሳይሆን ስሌት ነው። አዲሱ ከመጣ በኋላም ነገሩ አላለቀም። የሳዑዲ ሲስተም የሚያውቀው የድሮውን ፓስፖርት ቁጥር ነው፤ አሠሪው «ነቅል መዕሉማት» የሚባለውን፣ መረጃውን ከአሮጌው ወደ አዲሱ የማዛወር ሥራ ካልሠራ የመውጫ ቪዛ አይቆረጥም። ትኬት ገዝተው በር ላይ የሚመለሱት በዚህ ነው። አሮጌው ፓስፖርት አይጣልም፤ ከአዲሱ ጋር አብሮ ይያዛል።

በዑምራ ወይም በጉብኝት ቪዛ ገብቶ መቅረት ወደ ሥራ ፈቃድ አያደርስም። ሳዑዲ ጊዜው አልፎ የቀረ ጎብኚን እስከ 50,000 ሪያል፣ እስከ 6 ወር እስራትና መባረር ልትቀጣ ትችላለች። በየብስና በባሕር፣ በጅቡቲና በየመን ያለፈው ደግሞ መጀመሪያውንም የገባበት ማኅተም የለውም። እሱን የሚመልሰው ቆንስላው የሚሰጠው ሊሴ ፓሴ ነው፤ ለአንድ ጉዞ፣ ወደ አገር ብቻ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ሲመለሱ ብዙዎቹ የመጡት በዚህ ወረቀት ነበር። በመባረር ሂደት አሻራ መስጠት በኋላ በሥራ ቪዛ ለመመለስ እንቅፋት እንደሚሆን ቀድሞ ማወቅ ይበጃል። የምሕረት ጊዜ ሲታወጅ፣ ኤምሬትስ በ2024 ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በፈረንጆቹ እንዳደረገችው፣ ያለ ቅጣት መውጣት ወይም ሁኔታን ማስተካከል ይቻላል፤ ሊራዘም ይችላል እያሉ የመጨረሻዋን ሳምንት መጠበቅ ግን ቁማር ነው።

ውክልናው ምን ይላል?

ወንድም ደሴ ላይ ቤት እንዲገዛ፣ እንዲያከራይ፣ ባንክ እንዲያንቀሳቅስ ውክልና ይላካል። «በማንኛውም ንብረቴ ላይ ሙሉ ሥልጣን ሰጥቼዋለሁ» የሚለው ሰነድ ሰፊ ይመስላል፤ በሕግ ግን ጠባብ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 2204 ጀምሮ እንደተደነገገው በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ያገለግላል፦ ለመጠበቅ፣ ለማከራየት፣ ገቢ ለመሰብሰብ። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ለመስጠት፣ ለመክሰስና መልስ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሥልጣን በስሙ ይጻፋል፤ የቤቱ ቁጥርና ካርታው ይጠቀሳል። ይህ ለሁለቱም ወገን ነው። ማከራየት ብቻ የፈለገ ሰው «የመሸጥ» የምትለዋን ቃል ማስገባት የለበትም።

ሰነዱ ቆንስላው ዘንድ ተፈርሞ ይረጋገጣል፣ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ያርፍበታል፣ ከዚያ አገር ውስጥ ሰነድ በሚያረጋግጠው አካል ይመዘገባል። አንዱን ማኅተም ዘሎ ደሴ የደረሰ ውክልና ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። የወካዩ ስም በፓስፖርቱና በካርታው ላይ ከተለያየም እንዲሁ፤ ያች የፊደል ጉዳይ እዚህም ትመጣለች። የገጠር መሬት ላይ ደግሞ የመሸጥ ውክልና ከመነሻው ትርጉም የለውም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም። የሚቻለው ኪራይ ነው፤ እሱም በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው መሬት አስተዳደር ይመዝገብ።

ግብር የለም ማለት የት ነው?

በሳዑዲ፣ በኤምሬትስ፣ በኩዌትና በኳታር ከደመወዝ የሚቆረጥ የገቢ ግብር የለም። «ታክስ» ብሎ ከወር ደመወዝ የሚቀንስ አሠሪ ካለ ለራሱ ነው የሚወስደው። ሠራተኛው የሚከፍለው ግብር ዕቃ ሲገዛ ነው፤ ሳዑዲ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ፣ ኤምሬትስ ላይ 5 በመቶ። ቤተሰብ ላመጣ ሰው ግን ከግብር የማይተናነስ አለ፤ ሳዑዲ ለእያንዳንዱ ተከታይ ቤተሰብ በወር 400 ሪያል ታስከፍላለች። ሚስትና ሁለት ልጅ ሲሆኑ በዓመት 14,400 ሪያል፣ ኢቃማ ሲታደስ ተጠቃሎ የሚከፈል።

አገር ቤት ላይ የተለመደው ስሕተት «ከ183 ቀን በላይ ውጭ ነኝ፣ ግብር አይመለከተኝም» የሚለው ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየን ሰው ነዋሪ ይለዋል። ይህ ግን ከመመዘኛዎቹ አንዱ ነው፤ መደበኛ መኖሪያው እዚህ የሆነም ነዋሪ ነው። ነዋሪ ባይሆንም እንኳ ከኢትዮጵያ ምንጭ የሚያገኘው ገቢ ይታሰብበታል። ለቤተሰብ በመላኩ ብቻ በሐዋላ ገንዘብ ላይ የገቢ ግብር አይመጣም፤ በዚያ ገንዘብ የተሠራው ቤት ሲከራይ ግን ይመጣል። የኪራይ ገቢ በደረጃ እያደገ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል።

ከሐምሌ እስከ ሰኔ ያለው የግብር ዓመት ሲዘጋ ተወካዩ ካልቀረበ ምን ይከተላል? ክልሉ በራሱ ሕግ ይሠራል፤ ክብደቱን ለማየት ግን የፌዴራሉን የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 እንውሰድ። 20,000 ብር ግብር ሳይከፈል ቢከርም፣ የመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ 1,000 ብር፤ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ፣ በ11 ወር 4,400 ብር ይሆናል። ባለማሳወቅ ደግሞ በወር 5 በመቶ እየታሰበ እስከ 25 በመቶ፣ 5,000 ብር። ዓመት ሲሞላው 20,000 የነበረው 30,400 ሆነ፤ ወለዱ ለብቻው ነው። ባለቤቱ ይህን የሚሰማው ቤቱን ለመሸጥ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ማስረጃ) ሲጠየቅ ነው። ስለዚህ ውክልናው ውስጥ «ግብር የማሳወቅና የመክፈል» የሚል ይግባ፤ ደረሰኙም በየዓመቱ ፎቶ ተነሥቶ ይላክ።

አሜሪካ ያለው ወሎዬ ጉዳዩ ይገለበጣል፤ የሚከታተለው የሄደበት አገር ግብር ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ደሴ ተቀምጦም የአሜሪካ ግብር ነዋሪ ነው፤ የኮምቦልቻ ሱቁን ኪራይም እዚያ ያሳውቃል። ሁለቱ አገሮች የገቢ ግብር ስምምነት የላቸውም፤ ሆኖም እዚህ የከፈለውን በአሜሪካ ሕግ መሠረት እዚያ ሊያስቀንስ ይችላል፤ ደረሰኝ ካለው። ከአሜሪካ ውጭ ያሉት የባንክ ሒሳቦቹ ድምር በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለብቻው ሪፖርት ይደረጋል። እዚህ ከ1 ዓመት በላይ ለመቆየት ካሰበም የመመለሻ ፈቃዱን ማመልከት ያለበት ከአሜሪካ ሳይወጣ ነው፤ ፈቃዱ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል። ዜግነት ከወሰደ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ቪዛ የሚያስገባው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱ ነው።

60ው ቀን

ከሳዑዲ ጠቅልሎ የሚመለስ ሰው ኽሩጅ ኒሃኢ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ይቆረጥለታል። ክፍያ የለውም፤ ሲቆረጥ ግን ኢቃማው ያላለፈበት መሆን አለበት። ከዚያ ለመውጣት እስከ 60 ቀን ይሰጣል። ያልተከፈለ ደመወዝና የአገልግሎት ክፍያ መጠየቅ ያለበት ከመቆረጡ በፊት ነው፤ ከቦሌ ሆኖ ሪያድ ያለን አሠሪ ማስከፈል ብዙም አልተቻለም። በባንክ ያለው ገንዘብም ቀድሞ ይላክ፣ የተላከበትም ወረቀት ይቀመጥ፤ በኋላ ቤቱ በማን ገንዘብ ተገዛ የሚል ክርክር ከተነሣ የሚመሰክረው እሱ ነው። ሐሳቡን የቀየረ ሰው ቪዛውን ጊዜው ሳያልፍ ማሰረዝ አለበት፤ ሳይወጣበትና ሳይሰረዝ ካለፈ 1,000 ሪያል ያስቀጣል። ቆጠራው የሚጀምረው ከተቆረጠበት ዕለት ነው፤ አሠሪው ለሠራተኛው ከነገረው ወይም ትኬት ከተገዛበት ቀን አይደለም።